ሸሚዙ በፊት፣ ጡት መያዣው በኋላ

ካንሰር ይዞት ግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ 11 ቀን ሲቀረው ሦስት ጡት መያዣ ገዛሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ 22 ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ስለካ ኖሬያለሁ። ያን ሰሞን ግን "ምንም ሳላዘጋጅ ልገባ ነው" የሚል ጭንቀት ይዞኝ፣ እጄ ላይ ያለው ሥራ የሚያስተምረኝን እንኳ ማሰብ አልቻልኩም። ከሦስቱ አንዱንም አንድ ቀን ሙሉ አልለበስኩትም። የአንዱ ሽቦ ልክ ጠባሳዬ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ከኋላ የሚቆለፍ ስለሆነ ለሳምንታት ግራ እጄ አልደረሰለትም። ሦስተኛው እብጠቱ ሲወርድ ሰፋኝ። በሌላ በኩል በዚያው ሳምንት ሊዘጋጅ የሚገባው፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ ሸሚዝ፣ አንድም አልነበረኝም። ከሆስፒታል የወጣሁት የእህቴን ባል ሸሚዝ ለብሼ ነው።

አሁን ቀጠሮሽን ይዘሽ ለምትጠብቂው እህቴ ይህን የምጽፍልሽ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጪው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚዘጋጀው ጥያቄሽ፣ ልኬትሽ፣ ሸሚዝሽና ትራስሽ ነው። ደህና ጡት መያዣ የሚገዛው ቁስሉ ድኖ እብጠቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ወራት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ሐኪሙ ዘንድ

ጥያቄሽን ጽፈሽ ግቢ፤ የምታምኚው ሰውም አብሮሽ ይግባ። "ካንሰር" የሚለው ቃል አንዴ ከተነገረ በኋላ ያለው ንግግር ጆሮ ውስጥ አይገባም። እኔ ታላቅ እህቴን ይዤ ገባሁ። እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ዛሬም ስለዚያ ቀን የማውቀው ከደብተሯ ያነበብኩትን ነው።

የሚወጣው እብጠቱ ብቻ ነው ወይስ ጡቱ በሙሉ? ከብብቴ ስር የሊምፍ ዕጢ (የክንድ ፈሳሽ የሚያልፍበት) ይነካል? ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ይገባልኛል? ጨረር ይከተላል? ጡት መልሶ ማሠራት ብፈልግ አብሮ ይሆናል ወይስ በኋላ? እነዚህን ማንም ይነግርሻል። እኔ የምጨምርልሽ እንደ ሰፊ ነው፤ ጠባሳው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ጠይቂ። እስክሪብቶ ሰጥተሽ "እባክዎ ቆዳዬ ላይ ያሳዩኝ" በያቸው። ጡት መያዣሽ ነገ የሚያርፈው እዚያ መሥመር ላይ ነው። በተለይ ጡትሽ በሙሉ ከወጣ በኋላ መልሰሽ የማታሠሪ ከሆነ፣ በብብት በኩል ትርፍ ቆዳ ተጣጥፎ እንዳይቀር ሊያደርጉት ይችሉ እንደሆነ አንሽላቸው። በተለይ ደልደል ላሉ ሴቶች ይህ እጥፋት ይተርፋል፤ ጡት መያዣው ሲጫነው ይቆረቁራል፣ ክንድ ሲወዛወዝ ይፋተጋል። ሁልጊዜ ማስቀረት አይቻል ይሆናል፤ ቀድሞ የተነሣ ነገር ግን ሐኪሙ ሲሰፋ ያስበዋል።

መድኃኒትሽን አንድ በአንድ ተናገሪ፤ አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ የባህል መድኃኒት ጭምር። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ አሉባቸው። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ከአሁኑ አቁሚ። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ደም በደንብ ያልደረሰው ቆዳ ደግሞ ስፌቱን አይዝም።

ሳትገቢ በፊት ተለኪ

ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ለራሴ አላደረግኩትም፤ በኋላ ለሌሎች ስሰፋ ነው ጥቅሙን ያየሁት። ሁለቱም ጡት የሚወጣላት ሴት የቀድሞ መጠኗን የምታመሳክርበት ሌላ ጡት አይኖራትም። ስለዚህ ሜትር ይዘሽ መስታወት ፊት ቁሚና አራት ነገር ጻፊ፦ ከጡት በታች ያለው ዙሪያ፣ በጡቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለው ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ፣ ከአንዱ ጡት ጫፍ እስከ ሌላው። አሁን የሚስማማሽ ጡት መያዣ ካለ ቁጥሩን ጨምሪበት፤ እሱንም አትጣዪው። ወረቀቱን ከሕክምና ካርድሽ ጋር አኑሪው።

ሸሚዝና ትራስ

ቢያንስ ሦስት ሸሚዝ፣ ከፊት በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚዘጋ፣ ከምትለብሺው አንድ ቁጥር የሚሰፋ። ቲሸርት እርሺው፤ እጅሽን ከራስሽ በላይ አንሥተሽ የምታጠልቂው ነገር ሁሉ ለጊዜው አይሆንሽም። ጨርቁ ብዙ የታጠበ ጥጥ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቱቦ ይገባልሻል ከተባልሽ ከሸሚዙ ውስጥ በኩል፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ ኪስ ስፊበት። እኔ 12 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ነው የምሰፋው። ከቱቦው ጫፍ ያለው የተለመደው ዐይነት መጠራቀሚያ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ ሲሞላ ኪሱ ከላላ ይንጠለጠላል፤ ሲንጠለጠል ደግሞ ቱቦውን ቆዳው ላይ የያዘውን ስፌት ይጎትታል። ያ ሕመም ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያስለቀሰኝ ነው። እኔ መጠራቀሚያውን ከሸሚዙ ውጪ በመርፌ ቁልፍ ወግቼ ነበር ያንጠለጠልኩት፤ አንድ ሌሊት ተፈታና ስነሣ ወረደ። ኪስ ስፊ። መስፋት ካልቻልሽ አሮጌ ካናቴራ ቁረጪና ጎረቤትሽ ትስፋልሽ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ትራሱ ትንሽ ነው፤ ከክንድሽና ከጎንሽ መሐል የሚገባ፣ ሲጨመቅ የሚለሰልስ። ብብት ስር ያለው ቁስል በክንድ እንዳይታሽ ያደርጋል፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ከቀበቶውና ከደረትሽ መሐል ይገባል። ከሆስፒታል ስትወጪም ያስፈልግሻልና ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው።

ቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ በየቀኑ የምትነኪውን ሁሉ ከደረትሽ በታች አውርጂው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጪውን ድስት፣ ፎጣ፣ መድኃኒት። ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ዕቃ አታነሺም፤ ልክሽን ሐኪሙ ይነግርሻል፤ ሕፃን ማቀፍም ከዚያ ውስጥ ነውና ልጅ ያለሽ እናት ከሆንሽ የሚያቅፍልሽን ሰው ከወዲሁ ለምኚ።

ዋዜማው ላይ ብዙ አልቆይም። በተሰጠሽ ሳሙና ታጠቢ፤ ቅባት፣ ሽቶ፣ ዲዮድራንት አትቀቢ። የጥፍር ቀለምሽን አጥፊ፤ ኦክስጅንሽን የሚለካው መሣሪያ የሚያነበው በጥፍርሽ በኩል ነው። ቀለበትሽን ቤት ተይው። ምግብና ውኃ መቼ እንደምታቆሚ ይነገርሻል፤ በተለምዶ ጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ አንቺን ያዘዙሽ ከዚህ ቢለይ የእነሱን ያዢ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ስነቃ ሽንቴ አረንጓዴ ነበር፤ ልቤ ቀጥ አለ። ነርሷ "የብብትሽን ዕጢ ለመለየት የተወጋው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል" ስትለኝ ነው የተነፈስኩት። አንቺ ቀድመሽ እወቂው። ሁለተኛው ያላወቅኩት፣ የክንዴ የውስጥ በኩል፣ ከብብት እስከ ክርን፣ እንደ ሌላ ሰው ቆዳ መሆኑ ነው፤ ስነካው አይሰማኝም። በብብት በኩል የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ ሲነካ እንዲህ ይሆናል። የእኔ በከፊል ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። በዚያ በኩል ያለ የጡት መያዣ ጠርዝ ሲቆርጥሽም ላይሰማሽ ይችላልና በኋላ በዓይንሽ ማየት ይኖርብሻል።

ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመውን በየቀኑ በታዘዝሽው ሰዓት ለክተሽ ጻፊ። ብዙ ሐኪሞች የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው። እኔ 14ኛው ቀን ላይ ወጣልኝ። ከወጣም በኋላ ቦታው ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ልስልስ እብጠት ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ሴቶች ላይ ይከሰታል፤ ካስቸገረ በመርፌ ይቀዱታል። ቆዳው ከቀላና ከሞቀ፣ መግል ካለው፣ ወይም ሙቀትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ደውዪ።

ክንድሽን አቅፈሽ አትቀመጪ። ጣት መጨበጥና መፍታት፣ ክርን ማጠፍና መዘርጋት በማግሥቱ ይጀመራል፤ ከትከሻ በላይ ማንሣት ግን ሲፈቀድልሽ። እኔ ከሥራዬ የተነሣ ትከሻዬ እንዳይደርቅ በጣም ፈርቼ ነበርና ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ ጣቶቼን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ አስኬድ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከኋላ የሚቆለፍ ጡት መያዣ መቆለፍ ቻልኩ። የጠመኔው ምልክት አሁንም አለ፤ አላጠፋሁትም።

ጊዜያዊው

በእነዚህ ሳምንታት የምትለብሺው ሐኪሙ የሚያዝዝልሽን ነው። ጡት ለማሳነስ ወይም መልሶ ለመሥራት የተደረገ ከሆነ ደገፍ የሚያደርገውን ልዩ ጡት መያዣ ሌትም ቀንም፣ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት፣ ልበሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ጡቱ የወጣላት ደግሞ ምንም ባትለብስም ይቻላል። ከለበስሽ ሽቦ የሌለው፣ ከፊት የሚቆለፍ፣ ከጎን ሰፊ ሆኖ ስፌቱ ጠባሳ ላይ የማያርፍ፣ ጥጥ የበዛበት ይሁን። ስፌቱ ቆዳሽን ከነካ ገልብጠሽ ልበሺው፤ ማን ያይሻል?

ቁስሉ ሲፈቅድ፣ ቀላል የጨርቅ ጡት ውስጡ ይገባል። ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ፦ ለስላሳ የቲሸርት ጨርቅ በክብ ቁረጪ፣ የታጠበ ጥጥ ሙዪው፣ የሌላውን ጡትሽን ቅርጽ እያየሽ ከታች ወፈር ከላይ ሳሳ አድርጊው። ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በሁለት ስፌት ጡት መያዣው ላይ ያዝ አድርጊው። ጨረር የሚሰጥሽ ከሆነ ሕክምናው እስኪጠናቀቅና ቆዳው እስኪረጋ ሰፋ ያለ የጥጥ ካናቴራ ይሻልሻል፤ ላስቲክ የተቃጠለ ቆዳ ላይ አይረፍ።

አሁን እንለካ

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከጡት በታች ያለው ዙሪያዬ 79 ሴንቲ ሜትር ነበር። አራተኛው ወር ላይ 76። በመጀመሪያው ልኬት 80 ቁጥር እገዛለሁ፤ በሁለተኛው 75። ሦስተኛው ጡት መያዣዬ የሰፋኝ ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ጠብቂ፤ ጨረር ወይም መልሶ መሥራት ካለ ከዚያም በላይ።

ሜትሩን ከጡት በታች አዙሪው፤ ጠበቅ ይበል እንጂ አይቁረጥ፤ ከኋላም ከፊትም እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን ሌላ ሰው ይይልሽ። ያገኘሽውን ወደ ቅርቡ አምስት አጠጋጊ፤ 76 ወደ 75 ይሄዳል። የመታጠቂያው ቁጥር ይህ ነው። ቀጥሎ የጡቱ ዙሪያ። እዚህ ላይ አንድ ጡት ያላት ሴት ትሳሳታለች፤ ዙሪያዋን በሙሉ ከለካች የጎደለው ጎን ልኬቱን ያሳንስባታል። ሜትሩን ከደረት አጥንትሽ መሐል ጀምሪ፣ ባለው ጡትሽ ከፍተኛ ቦታ ላይ አሳልፊ፣ አከርካሪሽ ጋ አቁሚ። ከዚያ በሁለት አባዢው። የእኔ 45.5 ነበር፤ ሲባዛ 91። ከ91 ላይ 76 ሲቀነስ 15። በአውሮፓ ልኬት የጎድጓዳው ፊደል ከ12 እስከ 14 ልዩነት ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ ነው። እኔ 75 ቢ ሆንኩ። ጡት መያዣው ላይ 34 የሚል ቁጥር ካየሽ እንግሊዞች ለ75 የሚጽፉት ነው፤ 90 ካለ ደግሞ የፈረንሳይ ነው። ሦስቱም አንድ መጠን ናቸው፤ ብዙ ሴት እዚህ ላይ ግራ ተጋብታ "ወፍሬያለሁ" ብላ ትሄዳለች።

መታጠቂያው ጠቦሽ ጎድጓዳው ከተስማማሽ፣ ቁጥሩን አንድ ደረጃ ጨምረሽ ፊደሉን አንድ ደረጃ ቀንሺ። የ75 ሲ እና የ80 ቢ ጎድጓዳ ክፍል የሚይዘው አንድ ነው።

ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ሲለበስ ነው። አዲስ ጡት መያዣ የመጨረሻው፣ በጣም የሚላላው መንጠቆ ላይ ሆኖ ሊገጥምሽ ይገባል፤ ላስቲኩ ከጊዜ በኋላ ሲላላ ወደ ውስጥ የምትገቢበት መንጠቆ ይኖርሻል። ከመታጠቂያው ስር ሁለት ጣት ይግባ፤ ሦስት ከገባ ሰፍቷል። ከጎን ተመልከቺው፤ ከኋላ ወደ ላይ ከተሳበ ሰፍቷል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ማንጠልጠያውን ያሳጥራሉ፤ አታድርጊው። ክብደቱን መሸከም ያለበት መታጠቂያው ነው። ማንጠልጠያዎቹን ከትከሻሽ አውርጂና እይው፤ ጡት መያዣው ባለበት ከቆየ ልክ ነው፤ ከወረደ መታጠቂያው ሥራውን እየሠራ አይደለም። ከብብቷ ዕጢ ለወጣላት ሴት ይህ ከውበት ያልፋል። ቀጭን ማንጠልጠያ ትከሻ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ወይም ጎኑ ሲጨምቅ፣ ከዚያ ክንድ የሚመለሰውን ፈሳሽ መንገዱን ሊዘጋበት ይችላል። ማንጠልጠያው ሰፊ ይሁን። ማታ ስታወልቂ ቀይ ምልክት ጥሎብሽ ቶሎ ካልጠፋ፣ ክንድሽ ከከበደሽ ወይም ቀለበትሽ ከጠበበሽ፣ ጡት መያዣውን ቀይሪ፤ ሐኪምሽንም አነጋግሪ።

ከዚያ ተንቀሳቀሺበት። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ጎንበስ በይ፣ ከወንበር ተነሺ። ጎንበስ ስትይ አርቴፊሻሉ ጡት ከአንገት በኩል ብቅ ካለ ፊት ለፊቱ ከፍ ያለ ያስፈልግሻል። እብጠቱ ብቻ የወጣላት ሴት ደግሞ አንዱ ጡቷ ከሌላው ሊያንስ፣ ከጨረር በኋላም ጠጠር ሊል ይችላል፤ በትልቁ ጡት ለክታ ትንሹን ጎን በስስ ስፖንጅ ትሙላው። ሽቦ ያለው የምትፈልግ ጠባሳዋ ሙሉ በሙሉ ከዳነና ሐኪሟ ከፈቀደ በኋላ ትሞክር፤ ጣቷን ሽቦው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ታስኪድ፤ ሽቦው ጠባሳውን የሚያቋርጥ ከሆነ ይቅርባት።

የሲሊኮኑ ጡት

ይህን ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ አርቴፊሻል ጡት ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቁስሉ ከዳነ ይለካሉ። ክብደቱ ካለው ጡትሽ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚመረጠው። አንድ ጎን ሲቀልል ትከሻ ወደዚያ ይነሣል፣ አንገትና ጀርባ ይታመማል፤ የእኔ የግራ ትከሻ ሁለት ወር በጨርቅ ጡት ስኖር ከቀኙ ከፍ ብሎ ነበር፤ መስታወት ሳይሆን እህቴ ነች ያየችው።

ኪስ ያለው ጡት መያዣ ከሌለሽ ኪሱን በሚስማማሽ ላይ ስፊው። የጎድጓዳውን ቅርጽ ወረቀት ላይ አንሺ፣ ከስስ የጥጥ ቲሸርት ጨርቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምረሽ ቁረጪ፣ ጠርዙን አጥፈሽ በእጅ ስፊው፤ በብብት በኩል ማስገቢያውን ክፍት ተዪ። የተጣጠፈው ጠርዝ ወደ ጡት መያዣው ይዙር እንጂ ወደ ቆዳሽ አይዙር። መታጠቂያው ላስቲክ ላይ ክር አታሳልፊ፤ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ኪሱ ሲሊኮኑን በቦታው ይይዘዋል፤ ላብም በመሐል ይመጥልሻል።

ማታ ማታ በለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው፣ ቅርጹን በሚይዘው ሳጥኑ ውስጥ አስተኚው። ሹል ነገር አይንካው። እኛ ሰፊዎች ስንሠራ መርፌና ስፒል ደረታችን ላይ፣ ሸሚዛችን ላይ እንሰካለን፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር። ልማዱ ከሕመሙ በኋላም አልለቀቀኝም፤ ሲሊኮኑን በለበስኩ በሦስተኛው ቀን እጄ ስፒል ይዞ ወደ ግራ ደረቴ ሲሄድ እህቴ ያዘችኝ። የመርፌ መሰኪያዬን አንጓዬ ላይ እንዳላስር ግራ እጄ ዕጢ የወጣለት በኩል ነው፤ እዚያ መወጋት አልፈልግም። አሁን መሰኪያው ጠረጴዛው ላይ፣ በቀኝ በኩል ተቀምጧል።